የኮርዴል አምባ፦ በባሕር ውስጥ የተሰወረ ተራራና የጥበቃው ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፥ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተሰሜን፥ ፖይንት ሬይስ የሚባል ረዥም ልሳነ ምድር ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ዘልቆ ገብቶ ይገኛል። ስሙን ያወጣለት ሴባስቲያን ቪስካይኖ የተባለው የእስፓንያ መርከበኛ ሲሆን፥ በ1603 ዓ.ም. ጥር 6 ቀን በዚያ በኩል ሲያልፍ ዕለቱ በምዕራባውያን ዘንድ ሰብአ ሰገል የሚታሰቡበት በዓል ስለ ነበረ ቦታውን በእነዚያ ነገሥታት ስም ጠራው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።) በልሳነ ምድሩ ጫፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው፥ ጉሙ ተገፎ ሰማዩ በጠራበት ቀን እንኳ ቢሆን፥ ከውኃና ከአድማስ በቀር የሚያየው ነገር የለም፤ ነገር ግን ከቆመበት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከማዕበሉ በታች፥ ርዝመቱ 15 ወርዱም 7 ኪሎ ሜትር የሚሆን የጽኑ ድንጋይ ተራራ ተሰውሮ ተቀምጧል። ግርጌው የሚያርፈው ከ90 እስከ 120 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ላይ ሲሆን፥ ከቁንጮዎቹ ከፍተኛው ግን ከባሕሩ ገጽ 35 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ይቆማል። በካርታ ላይ ኮርዴል ባንክ ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የኮርዴል አምባ እንለዋለን።

የዚህ አምባ ታሪክ ልቡናዬን የሳበው፥ በመጀመሪያ መርከብ ይሰብራል ተብሎ በፍርሃት የተፈለገ ቦታ፥ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ፥ ሰው እንዳያጠፋው ተብሎ በሕግ ስለ ታጠረ ነው። ከፍርሃት ወደ ጥበቃ የሚወስደውን ይህን ረዥም መንገድ ያቀኑት ባለ ሥልጣኖችም ባለ ጸጎችም አልነበሩም፤ ወደ ጥልቁ ወርደው ያዩትን አንድ በአንድ መዝግበው ያመጡ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ እንጂ። እነርሱ ባይወርዱ ኖሮ በዋሽንግተን የተቀመጠው ሕግ አውጪ የሚከራከርበት ነገር እንኳ ባላገኘ ነበር።

ስለ አምባው አፈጣጠር የምድር ሊቃውንት የሚነግሩን ነገር ራሱን የቻለ መደነቂያ ነው። ድንጋዩ ዛሬ ባለበት ቦታ የተፈጠረ አይደለም፤ በምሥራቅ በኩል ርቀው ከሚገኙት ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ጋር አንድ ወገን የሆነ ግራናይት ሲሆን፥ ቀልጦ ከረጋ በኋላ ከወገኖቹ ተለይቶ፥ ሳን አንድሬያስ ከሚባለው ታላቅ የምድር ስንጥቅ ወዲያ ማዶ፥ የውቅያኖሱ ወለል ወደ ሰሜን ምዕራብ በተንሸራተተ ቍጥር አብሮ እየተንሸራተተ፥ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጕዞ የመጣ ነው። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፥ ከምድር ውኃ ብዙው ክፍል በበረዶ ታስሮ ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ባለ ጊዜ፥ አምባው ከውኃ በላይ ነበረ፤ ነፋስ ይመታው ዝናምም ያጥበው ነበር፤ ማዕበሉም በግርጌው ይሰበር ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ እየሞላ ወጣ፤ አምባውም ቀስ በቀስ ሰጠመ።

ከሰው ጋር የተዋወቀው በወርቅ ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ1848 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ወንዞች ወርቅ መታየቱ ከተሰማ በኋላ፥ ቀድሞ አነስተኛ መንደር የነበረችውን የሳን ፍራንሲስኮን ወደብ ከዓለም ዙሪያ የመጡ መርከቦች ሞሉት፤ ጠረፉ ግን ገና በደንብ ያልተለካ፥ ጉም የሚበዛበት፥ ስውር ዓለቱም የማያልቅ ስለ ነበረ፥ ብዙ መርከብ ከነሰውና ከነዕቃው ተሰብሮ ቀርቷል። የአሜሪካ መንግሥት የጠረፍ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ቀያሾቹን ወደ ምዕራብ የላከውም ይህን ጥፋት ለመቀነስ ነው። ከተላኩት መካከል በ1825 በእንግሊዝ ሀገር በኖቲንግሃም የተወለደው ጆርጅ ዴቪድሰን ይገኝበታል፤ ይህ ሰው በ1850 ካሊፎርኒያ ከገባ ጀምሮ የዚያን ጠረፍ ልክና መልክ ሲመረምርና ሲጽፍ ኖሮ በ1911 ያረፈ፥ መርከበኞች መጽሐፉን እንደ መንገድ መሪ ይዘው የሚጓዙለት ትጉህ ሊቅ ነበር። በ1853 ዓ.ም.፥ ማለት ዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘውድ ከመጫናቸው ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ ዴቪድሰን ወደ ሰሜን ሲጓዝ ከፖይንት ሬይስ በስተምዕራብ፥ ጥልቅ መሆን በሚገባው ባሕር ላይ፥ የውኃው ወለል ሳይታሰብ ወደ ላይ መቅረቡን አገኘ። መኖሩን ከመመዝገብ በቀር ለመመርመር ጊዜ አላገኘምና ጉዳዩ እንዲሁ ተከድኖ ቆየ።

በ1869 ዓ.ም.፥ መቅደላ በወደቀች በዓመቱ መሆኑ ነው፥ ኤድዋርድ ኮርዴል የተባለው ቀያሽ ቦታውን ፈልጎ እንዲለካ ታዘዘ። የዚያን ጊዜ የጥልቀት መለኪያ እንደ ዛሬው በድምፅ የሚሠራ መሣሪያ አልነበረም፤ በየልኩ ምልክት የታሰረበት ረዥም ገመድና በጫፉ የተንጠለጠለ ከባድ እርሳስ ነበር እንጂ። በእርሳሱ ግርጌ ጎድጓዳ ስፍራ አለ፤ በዚያ ላይ ሞራ ይለጠፍበታል። እርሳሱ ወለሉን ሲነካ ሞራው አሸዋ ከሆነ አሸዋ፥ ጭቃ ከሆነ ጭቃ፥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ከሆነም ቅርፊት ይዞ ይወጣል፤ ምንም ሳይዝ ተላልጦ ወይም ተጨፍልቆ ብቻ የወጣ እንደ ሆነ ግን ወለሉ ዓለት ለመሆኑ ምስክር ነው። ሰውየው ገመዱን ይጥላል፥ ይስባል፥ ልኩን ያነባል፥ ሞራውን ይመረምራል፥ በመዝገብ ይጽፋል፤ ከዚያም መርከቡ ጥቂት ፈቀቅ ሲል ያንኑ ይደግማል። እንዲህ ባለ ድካም፥ በየአቅጣጫው በሚንገላታ መርከብ ላይ ቆሞ፥ ዓይን ያላየውን ተራራ ቅርጽ በነጥብ በነጥብ ማውጣት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለማሰብ አያዳግትም።

በሰፊው ውቅያኖስ መካከል ኮርዴልን ወደ ቦታው የመሩት፥ ከመሣሪያው ይልቅ ከበላዩ የሚያንዣብቡት የባሕር አዕዋፍና በአካባቢው የሚንቦጫረቁት የባሕር እንስሳት ብዛት እንደ ነበሩ ይነገራል። አምባው የተገኘው ለመርከብ ደኅንነት ነው፤ የሕይወት ብዛቱም እንደ ቦታ ምልክት ብቻ ተቈጠረ፤ ወፎቹ ስለ ምን በዚያ እንደ ተሰበሰቡ ግን የጠየቀ አልተገኘም። ኮርዴል በሚቀጥለው ዓመት በ1870 ሞተ፤ አምባውም በስሙ ተጠራ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የፖይንት ሬይስ የመብራት ማማ ተለኮሰ፤ መርከበኞችም ከዚያ ወዲህ የሚፈሩት ዓለት በአምባው ላይ ሳይሆን በጠረፉ ላይ ያለውን ሆነ፤ 35 ሜትር ያህል ውኃ የተሸከመ ቁንጮ የዚያን ዘመን መርከብ አይነካውምና።

ወፎቹ የሚሰበሰቡበትን ምክንያት ግን እዚህ ላይ ማብራራት ይገባል፤ የኋላው ክርክር ሁሉ መሠረቱ ይህ ነውና። ከመጋቢት ወር ጀምሮ በዚያ ጠረፍ ላይ ከሰሜን ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል። ነፋሱ ከምድር መዞር ጋር ተባብሮ የባሕሩን የላይኛ ውኃ ከጠረፉ ወደ ውቅያኖሱ ይገፋዋል፤ በተገፋውም ውኃ ፈንታ ከቀላይ ውስጥ ቀዝቃዛ፥ በብዙ ዘመን ከበሰበሰ ነገር የተጠራቀመ ፍግ ያዘለ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ውኃ የፀሐይ ብርሃን ባገኘ ጊዜ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፀዋት እጅግ ይበዙበታል፤ እነዚያን ክሪል የሚባሉ፥ ከጣት የማይረዝሙ ፍጥረታት ይመገባሉ፤ ክሪሉን ደግሞ ከትንሹ ዓሣ ጀምሮ በምድር ላይ ከተፈጠሩት እንስሳት ሁሉ የሚበልጠው ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ድረስ ይበላዋል። አምባው በዚህ ጅረት መንገድ ላይ የቆመ በመሆኑ የሚያልፈው ምግብ በዙሪያው ይታገታል። ከኒው ዚላንድ ተነሥተው ውቅያኖሱን የሚያቋርጡ ወፎች በዚያ ይውላሉ፤ አልባትሮስ የተባለው ጥቁር እግር ታላቅ ወፍም፥ በሃዋይ ደሴቶች ጎጆ ውስጥ የተወውን ጫጩት ለመቀለብ፥ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በርሮ እስከዚህ ድረስ መጥቶ እንደሚመለስ በሳተላይት የሚከታተሉት ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ወላጅ ለልጁ ቀለብ ፍለጋ ይህን ያህል መንገድ ሲሄድ እያየ የማይደነቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

ከኮርዴል ቅየሳ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ሰው በዚያ ባሕር ላይ የሠራው ሥራ ግን ለመተረክ የሚያሳፍር ነው። የዓሣ ነባሪ አዳኞች ከሳን ፍራንሲስኮ ውጭ እየወጡ ይገድሉ ነበር፤ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ በሪችመንድ የነበረው፥ የአሜሪካ የመጨረሻው የዓሣ ነባሪ ማረጃ፥ የተዘጋው ገና በ1971 ዓ.ም. ነው። ከዚያም የባሰው ከአምባው በስተደቡብ በፋራሎን ደሴቶች አካባቢ የተደረገው ነው፤ ከ1946 እስከ 1970 ድረስ 47,800 ያህል የኑክሌር ሥራ ዝቃጭ የታሸገባቸው በርሜሎችና ዕቃዎች በመርከብ እየተጫኑ በባሕሩ ውስጥ ተጥለዋል። ያን ያደረጉት ሰዎች ሕግ ያፈረሱ አልነበሩም፤ ጊዜው የፈቀደላቸውን ሠሩ። ባሕሩ ወለል እንደሌለው ዕቃ ይቈጠር ነበርና፥ የተጣለው ሁሉ እንደ ጠፋ ይታመን ነበር።

ይህ እምነት የተናጋው ከነዳጅ በመጣ ጥፋት ነው። በጥር ወር 1969 ዓ.ም. በደቡብ ካሊፎርኒያ በሳንታ ባርባራ ፊት ለፊት ከባሕር ወለል ይቈፈር የነበረ የዘይት ጕድጓድ ፈንድቶ ጠረፉን በጥቁር ቅባት ሸፈነው፤ በጥር 1971 ደግሞ ሁለት የነዳጅ መርከቦች በሳን ፍራንሲስኮ በታላቁ የወርቅ በር ድልድይ አጠገብ በጉም ውስጥ ተጋጭተው ዘይታቸው ፈሰሰ። የከተማው ሰው ቅባት የነከራቸውን ወፎች በእጁ እያነሣ ለማጠብ ወደ ጠረፉ ወረደ። በቴሌቪዥን የሚታየው የሙት ወፍ ክምር ከብዙ የሊቃውንት ጽሑፍ ይልቅ የሕግ አውጪዎቹን ልብ ነካ መሰለኝ፤ በጥቅምት 1972 ዓ.ም. ፕሬዚደንት ኒክሰን የፈረሙት ሕግ ቆሻሻን በባሕር መጣልን ከመከልከሉም በላይ፥ በየብስ ላይ የዱር ፓርክ እንደሚከለል ሁሉ የባሕሩንም ክፍል ለይቶ የጥበቃ ሥፍራ ማድረግ እንዲቻል ለመንግሥት ሥልጣን ሰጠ። በዚህ ሕግ በመጀመሪያ የተከለለው ቦታ ግን፥ በ1975፥ ዓሣም ዓለትም ሳይሆን፥ በ1862 በኬፕ ሃተራስ አጠገብ በማዕበል የሰጠመው ሞኒተር የተባለው የብረት የጦር መርከብ የተጋደመበት ወለል ነበር። ሰዎች በባሕር ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባውን ነገር ሲያስቡ መጀመሪያ ትዝ ያላቸው የገዛ እጃቸው ሥራ ነበር ማለት ነው።

ሮበርት ሽሚደር የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው የባሕር ሕይወት መምህር አልነበረም፤ ነገር ግን በካርታ ላይ ያየው የኮርዴል አምባ፥ ከታላቅ ከተማ አጠገብ ሆኖ ሳለ ማንም ወርዶ ያላየው መሆኑ ዕረፍት ነሣው። በ1977 ዓ.ም. ኮርዴል ኤክስፔዲሽንስ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ፤ አባሎቹም በሳምንቱ ቀኖች በየሥራቸው ውለው በዕረፍታቸው ቀን የሚጠልቁ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በጥቅምት 1978 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአምባው ላይ ወረዱ።

መውረዱ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ቦታው ከወደብ ብዙ ሰዓት የሚያስኬድ፥ ከነፋስና ከሞገድ መጠጊያ የሌለው ገላጣ ባሕር ነው፤ ቀድሞ የቁንጮውን ስፍራ በድምፅ መለኪያ ፈልጎ መልሕቅ በዚያ ላይ መጣል ያስፈልጋል፤ ጠላቂው የመልሕቁን ገመድ ይዞ ካልወረደ ጅረቱ ከአምባው ላይ ጠርጎ ይወስደዋል። በዚያ ጥልቀት የሚተነፈሰው አየር በግፊቱ ብዛት ወደ ደም ስለሚሰርግና አእምሮን እንደ መጠጥ ስለሚያደነዝዝ፥ በታች የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሲመለሱም ደማቸው ያዘለውን አየር ቀስ ብሎ እንዲለቅ በገመዱ ላይ በየደረጃው ተንጠልጥለው መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። አካባቢውም ታላላቅ ነጭ ሻርኮች የሚመላለሱበት ነው።

በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ያዩትን ነገር መዝገባቸውና ፎቶግራፋቸው ይመሰክራል። ቀይ ብርሃን ወደዚያ ጥልቀት አይደርስምና በመጀመሪያ ሁሉ ነገር ሰማያዊና ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ መብራት ሲበራበት ግን ድንጋዩ ራሱ እንደማይታይ ይገለጣል፤ በእያንዳንዱ ስንዝር ላይ ሕያው ፍጥረት ተተክሎበታልና። እንደ አበባ የተከፈቱ፥ የእንጆሪ መልክ ያላቸው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ዓለቱን እንደ ምንጣፍ ለብሰውታል፤ በመካከላቸው ቢጫ ሰፍነግ፥ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ኮራልም ቅርንጫፉን ዘርግቶ ይታያል፤ ስፍራ ያጣውም አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ በቅሏል። ከቁንጮዎቹ በላይ የዓለት ዓሦች መንጋ የጠላቂዎቹን ብርሃን እስኪጋርድ ድረስ ይርመሰመሳል። ዙሪያው ለብዙ ኪሎ ሜትር አሸዋና ጭቃ ሆኖ ሳለ ሥር የሚይዙበት ጽኑ ነገር በዚህ ብቻ ስለ ተገኘ፥ ሕያዋኑ ሁሉ ወደዚህ ተጠግተዋል፤ የሀገራችን ሰው በተራቈተ ሜዳ መካከል ዝግባውና ወይራው ጥቅጥቅ ብሎ የቆመበትን የቤተ ክርስቲያን አጸድ ያየ እንደ ሆነ ነገሩን ለመረዳት አይቸግረውም።

ሽሚደርና ባልንጀሮቹ እስከ 1986 ድረስ እየተመላለሱ ከየቦታው ናሙና እያነሡ ለየዘርፉ ሊቃውንት ላኩ፤ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ዓይነቶችን መዘገቡ፤ ከእነዚያም መካከል በሳይንስ ያልታወቁ ነበሩባቸው። እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ጀግንነቱን አይደለም። መውረድን ብዙዎች ወርደዋል፤ የወረዱበትን ሰዓት፥ ጥልቀቱን፥ ያዩትን ፍጥረት ስምና ስፍራ በጥንቃቄ ጽፈው፥ ለማያውቁት ሰው ጥቅም ያስቀመጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ኮርዴል በሞራና በገመድ የጀመረውን መዝገብ የቀጠሉት እነርሱ ናቸው።

በ1981 ዓ.ም. አምባው የጥበቃ ሥፍራ እንዲሆን ለአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ጥያቄ ቀረበ። ዓመቱ በአጋጣሚ የፈተና ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት በመጀመሪያ የፋራሎን ደሴቶች ዙሪያ ተከልሎ የነበረ ሲሆን፥ አዲሱ የኢንቲሪየር (የመንግሥት መሬትና ማዕድን) መሥሪያ ቤት ሹም ጄምስ ዋት ደግሞ በሰሜን ካሊፎርኒያ ፊት ለፊት ያሉትን የባሕር ወለሎች፥ በአምባው አካባቢ ያለውን የቦዴጋን ጨምሮ፥ ለዘይት ኩባንያዎች በኪራይ ለመስጠት አሰበ። የጠረፉ ሕዝብ፥ ዓሣ አጥማጁም ሆቴል ጠባቂውም ሳይቀር፥ በአንድ ቃል ተቃወመው፤ ዋትም በዚያው ዓመት የሰሜኑን ወለሎች ከኪራዩ ዝርዝር አወጣ። ሆኖም ዝርዝር በሚቀጥለው ዓመት ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው፤ የጥበቃ ሥፍራ ተብሎ በሕግ መከለል ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጸንቶ ቆየ።

ምርመራው ስምንት ዓመት ፈጀ። በ1983 አምባው ከእጩዎቹ መካከል ተቈጠረ፤ ከዚያ በኋላ ረቂቅ በረቂቅ ላይ እየተጻፈ፥ ስብሰባ በስብሰባ ላይ እየተጠራ ዘመኑ ገፋ። በጥቅምት መጨረሻ 1984 ዓ.ም. ፖርቶ ሪካን የተባለው የዘይት መርከብ ከወርቅ በር ውጭ ፈንድቶ ከተሰበረ በኋላ፥ ቅባቱ በጅረት ተወስዶ ወደ ሰሜን እስከ ቦዴጋ ደረሰ። ይህም ሆኖ የውቅያኖሱ አስተዳደር አልቸኰለም። በመጨረሻ የታከተው የሕግ አውጪው ምክር ቤት ራሱ ነው፤ በ1988 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የኮርዴል አምባ የጥበቃ ሥፍራ መሆኑ በዚያው ዓመት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንዲታወጅ ቀን ቈርጦ አዘዘ። የተቈረጠውም ቀን አለፈ። በመጋቢት 24 ቀን 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለው መርከብ በአላስካ ዓለት ላይ ወጥቶ 11 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ድፍድፍ ዘይት አፈሰሰ፤ በግንቦት 24 ቀን፥ ልክ በሁለት ወሩ፥ የኮርዴል አምባ ከዙሪያው ባሕር ጋር፥ ጠቅላላ ስፋቱ 1,362 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፥ ብሔራዊ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ታወጀ። አዋጁ ዘይት መፈለግን የከለከለው በአምባው ላይ ብቻ ስለ ነበረ ይህ ምክር ቤቱን አልበቃውም፤ በነሐሴ ወር በወጣው ሕግ ክልከላው በጥብቁ ሥፍራ ሁሉ ላይ እንዲጸና አደረገ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ደስ ያሰኛል፤ የሚቀጥለው ግን ያሳዝናል፤ ሕጉ ዘይቱን ሲያግድ መረቡን አላገደምና። አዋጁ ከአምባው ላይ ሕያው ፍጥረትን ማንሣትንና መጕዳትን ሲከለክል፥ በተለመደው የዓሣ ማጥመድ ሥራ የሚደርሰውን ጕዳት ለይቶ ተወው። ጠላቂ አንዲት የእንጆሪ መልክ ያላት ፍጥረት ነቅሎ ቢወስድ ሕግ አፍራሽ ይባላል፤ በወለል የሚጐተት ከባድ መረብ ግን መቶ ዓመት ያደገውን ኮራል ሰባብሮ ቢያልፍ የሚጠይቀው አልነበረም። ይህ ክፍተት የተተወው የዓሣውን ጉዳይ በ1976 በወጣ ሌላ ሕግ የተቋቋመ ሌላ ጉባኤ ስለሚያስተዳድረው ነው ይባላል፤ ምክንያቱ ለመሥሪያ ቤት ሥርዓት የሚስማማ ሊሆን ይችላል፤ ለአምባው ግን የሚረባው ነገር አልነበረም።

የዓለቱ ዓሣ የተፈጠረበት ጠባይ ለእንዲህ ያለ ማጥመድ የማይመች ነው። በጭንቅላቱ ውስጥ ካለው ከጆሮው ድንጋይ፥ ከምስር ፍሬ ጥቂት ከሚበልጠው ነጭ ጠጠር፥ ሊቃውንቱ ስስ ሽፋይ ቈርጠው በአጕሊ መነጽር ይመለከቱታል፤ በዛፍ ግንድ ውስጥ እንዳለው ያለ ክብ መስመር በየዓመቱ ይጨመርበታልና፥ ያን በመቍጠር የዓሣውን ዕድሜ ያውቃሉ። ቢጫ ዓይን የሚባለው ወገን ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል። ስለዚህ ኮርዴል እርሳሱን በጣለበት ዓመት የተወለደ ዓሣ፥ ሽሚደር በወረደበት ቀን በዚያው ዓለት ጥግ ቆሞ ሊያየው ይችል ነበር። ዕንቍላሉንም በሆድዋ ፈልፍላ የምትወልደው ሴቲቱ ለመውለድ የምትደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ብዙና ብርቱ ልጆች የምትወልደውም ስታረጅ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ የሚሻው ትልቂቱን ነው። በአንድ ቀን የተነሣውን መተካት የአንድ ሰው ዕድሜ ይፈጃል ማለት ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት እየበረታ የሄደው ማጥመድ ይህን አልተገነዘበም፤ በጥር 2000 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የምዕራቡ ጠረፍ የወለል ዓሣ ማጥመድ ሥራ መዓት የወረደበት መሆኑን አወጀ፤ ብዙ ጀልባ ቆመ፥ ብዙ ቤተሰብም ተቸገረ። ከዚያ በኋላ ሰፋፊ የባሕር ክፍሎች ከማጥመድ ተዘጉ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ወለል የሚነካ መሣሪያ በአምባው ላይ እንዳይውል ተከለከለ። ለአምባው ጥበቃ ከተጠየቀ 25 ዓመት፥ ከታወጀም 17 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። መዘጋቱ ግን በከንቱ አልቀረም፤ ቦካቺዮ የተባለው ወገን፥ ሊጠፋ ደርሶ የነበረው፥ በ2017 ቍጥሩ ወደ ደኅና መጠን መመለሱ ተነገረ፤ ቢጫ ዓይኑ ግን እንደ ዕድሜው ርዝመት ዝግ ብሎ የሚያገግም ነው።

በ2015 ዓ.ም. የጥብቁ ሥፍራ ወሰን ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ተገፍቶ 3,331 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ፤ የቦዴጋ ጥልቅ ሸለቆም በውስጡ ተጠቃለለ። በ2017 ናውቲለስ የተባለችው የምርመራ መርከብ በገመድ የሚመሩ መሣሪያዎች አውርዳ፥ ሰው በሥጋው ሊደርስበት በማይችለው ጥልቀት ያሉትን ኮራሎችና ሰፍነጎች አየች። በ1869 በእርሳስ የተጀመረው ሥራ፥ አምባውን አልፎ ወደ ቀላዩ ወርዶ፥ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም።

በአሁኑ ዘመን ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ የመርከቦች ፍጥነት ይመስለኛል። ወደ ሳን ፍራንሲስኮና ወደ ኦክላንድ ወደብ የሚገቡት ታላላቅ የጭነት መርከቦች ከሰሜን ሲመጡ ዓሣ ነባሪዎቹ ክሪል በሚለቅሙበት ባሕር ውስጥ ያልፋሉ። ዓሣ ነባሪው ለመተንፈስ ወደ ላይ በወጣበት ሰዓት በመርከብ አፍንጫ ይመታል፤ የሞተው አብዛኛውን ጊዜ ይሰጥማልና በጠረፍ የሚገኘው ሬሳ ከሞተው ጥቂቱ ብቻ ነው። መንግሥቱ መርከቦች ዓሣ ነባሪዎቹ በሚበዙባቸው ወራት ከ10 ኖት በማይበልጥ ፍጥነት እንዲሄዱ ይለምናል፤ ይለምናል እንጂ አያዝም። ከባለ መርከቦቹ ብዙዎች ልመናውን ተቀብለው ዝግ ይላሉ፥ ያልተቀበሉትም ሳይቀጡ ያልፋሉ። ዘይትን ለመከልከል ስምንት ዓመት፥ መረቡን ለማንሣት ሌላ 17 ዓመት የፈጀው ይኸው ልማድ በዓሣ ነባሪዎቹ ላይ እንዳይደገም፥ የፍጥነቱ ልክ ከልመና ወጥቶ በጥብቁ ሥፍራ ወሰን ውስጥ ግዴታ እንዲሆን በእኔ በኩል ያለ ማወላወል እደግፋለሁ።